ዳገት የማይወጣ ብስክሌት

ብስክሌቴን ለጸሎት ያቀረብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም። ረቡዕ አመሻሽ ላይ የጸሎት ቡድኑ ቤታችን ተሰብስቦ፣ መሪያችን «የጸሎት ርዕስ ያለው አለ?» ብላ ስትጠይቅ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። «የብስክሌቴ ማርሽ ተሰብሯል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የዞኑ የሴቶች የብስክሌት ቡድን ምርጫ አለ፤ እንዲሠራልኝ ጸልዩልኝ» አልኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ብስክሌቱ የእኔ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የጉባኤው ሆነ።

በእኛ ዘንድ የጸሎት ርዕስ ሆኖ የማይቀርብ ነገር የለም። የታመመ ሰው፣ የጠፋ ላም፣ ሥራ ያጣ ልጅ፣ ክፉ አለቃ፣ ሁሉም ይቀርባል። ስለዚህ ብስክሌት ባቀርብ ምንም ነውር አልታየኝም። ያልገባኝ ነገር፣ ለጸሎት የቀረበ ጉዳይ ሁሉ ከጸሎቱ በኋላ እንደ ልብ የሚወራ መሆኑ ነው። ስለ ጎረቤትህ ልጅ ዝም ብለህ ብታወራ ሐሜት ነው፤ «እባካችሁ እንጸልይላት» ብለህ ከጀመርክ ግን ቀኑን ሙሉ ብታወራ የሚከለክልህ የለም። ይህን ዛሬ እንዲህ እያሾፍኩ ልጻፈው እንጂ፣ ያኔ ያስከፈለኝ ቀላል አልነበረም።

ብስክሌቱ ኮርስ ነበር፤ ያ ጎማው የቀጠነ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ የእሽቅድምድም ብስክሌት። ይርጋጨፌ ቡና የሚነግደው የእናቴ ወንድም ከአዲስ አበባ አሮጌውን ገዝቶ ለልጆቹ አመጣው። ልጆቹ ሞተር እንጂ ብስክሌት አንፈልግም ብለው አፍንጫቸውን ነፉበት፤ አጎቴም ተናዶ ለእኔ ሰጠኝ። ሰማያዊ ቀለሙ ለቋል፣ መቀመጫው ተሰንጥቋል። ማርሹ ግን እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ከፊት ሁለት ጥርስ፣ ትልቅና ትንሽ፤ ከኋላ ደግሞ የተደራረቡ ጥርሶች። ዳገት ሲመጣ ካቴናውን ወደ ትንሹ ትጥለዋለህ፣ እግርህ ይቀለዋል፣ ቀስ እያልክ ትወጣለህ። ያንን የተማርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው።

አባቴ አሪቻ ውስጥ የእሸት ቡና መፈልፈያ ላይ የማሽን ሠራተኛ ነበር። ቡና ሲደርስ ለሳምንታት ቤት አይመጣም፤ ማሽኑ ከቆመ እሸቱ ስለሚበላሽ ከአጠገቡ አይለይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሕ ልብስና ቆጮ የሚያደርስለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አውቶቡስ እየጠበቅኩ ከምሰለች ብዬ በብስክሌት መሄድ ጀመርኩ። ከምንኖርበት ከዲላ ተነሥቼ በወናጎ አድርጌ፣ ይርጋጨፌን አልፌ፣ ከአስፋልቱ ወጥቼ በቀዩ መንገድ። መፈልፈያው በር ላይ ስደርስ በማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ይስቁ ነበር። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይወጣና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል።

«ሳትወርጂ?»

«ሳልወርድ።»

«ዳገቱንም?»

«ዳገቱንም።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ «እዩዋት! ከዲላ በእግሯ!» ይላል። እንዲያ ሲል ድካሜ ሁሉ ይጠፋልኝ ነበር። ብስክሌት መንዳት የወደድኩት ለዚያች ቃል ይሁን ለመንገዱ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ይህን የምጽፈው አባቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብስክሌት የሚጠላ ሰው እንዳልነበር እንዲታወቅ ነው። ቢጠላው ኖሮ ይህን ያህል አልመረርም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የስፖርት መምህራችን ወናጎ መግቢያ ላይ ዳገት ስወጣ አየኝ። በማግስቱ ክፍል ድረስ መጥቶ ጠራኝ። ዞኑ የሴቶች የብስክሌት ቡድን ሊያቋቁም እንደሆነ፣ ምርጫው ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ በሚደረግ ውድድር እንደሚሆን፣ ያለፉት ልጆች ደግሞ ካምፕ ገብተው አዲስ ብስክሌት፣ ቀለብና አሰልጣኝ እንደሚያገኙ ነገረኝ። «አንቺ እኮ ሳትለማመጂ ታልፊያለሽ» አለኝ። ቲቸር አሽሟጣጭ ስለነበር እየቀለደብኝ መስሎኝ ነበር፤ የምሩን ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ዩኒቨርሲቲ፣ ነርስነት፣ ባል፣ ለእኔ የታሰበልኝ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ከጭንቅላቴ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ ያ ቡድን ውስጥ መግባት።

ማርሹ የተሰበረው በዚያው ዓመት፣ የቡናው ሥራ ሊያበቃ ሲል ነው። ከአሪቻ ስመለስ ከቡና ላይ ተገርዞ መንገድ ላይ የተጣለ ቅርንጫፍ የኋላ ጎማዬ ውስጥ ገባ። ማርሽ መቀየሪያው ተጠማዞ ከጎማው ሽቦዎች ጋር ተጠላለፈና ተሰበረ። ካቴናው ተንጠለጠለ። በጭነት መኪና ተጭኜ ዲላ ገባሁ። የከተማችን ጠጋኞች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እነሱ የሚያውቁት ሞተርና ከባዱን የከተማ ብስክሌት ነው። አንዱ «ይሄ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ ማርሹን አውጥተሽ ጣይና በአንድ ጥርስ ንጂው» አለኝ። ስቄበት ሄድኩ። በአንድ ጥርስ የይርጋጨፌን ዳገት!

ያን ረቡዕ እጄን ያወጣሁት እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። የጸሎት መሪያችን ጎረቤታችን ነበረች፤ እማማ ነው የምላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ስታመም አጠገቤ ያደረች፣ ስወለድም እናቴን ያረሰች ሴት ናት። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ታደርገዋለች። ርዕሴን ተናግሬ ስጨርስ ተነሣች። ከዚያ እጇን ራሴ ላይ ጭና ጸለየች።

«ጌታ ሆይ፣ ይሄ ልጅ መንገድ አበዛ። መንገድ ጥሩ አይደለም፣ አንተ ታውቃለህ። ብስክሌቱ የተሰበረው አንተ ፈቅደህ ነው። ይሄን ልጅ ወደ ቤቱ መልሰው!»

ቤቱ ሙሉ «አሜን!» አለ። እኔም አፌ ለምዶበት አሜን አልኩ።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። ገበያ ላይ እናቴን እያስቆሙ «ልጅቷስ፣ አሁንም ትነዳለች?» ይሏት ጀመር። ሴት ልጅ እዚያ ነገር ላይ እግሯን ከፍታ ስትቀመጥ ክብሯ ይጠፋል አለች አንዷ፤ ሌላዋ ካምፑ የወንድና የሴት መኝታ የተቀላቀለበት ነው ብላ ጨመረችበት። ማን እንደነገራት የጠየቃት የለም። ሁሉም ንግግር «እንጸልይላት» በሚል ስለሚጀምር እናቴ መልስ ልትሰጥ አልቻለችም፤ ለሚጸልይልህ ሰው ምን ትላለህ? አባቴ ደግሞ በዚያው ዓመት ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌነት ተመርጦ ነበር። ወሬው አሪቻ ድረስ ሄዶ ጆሮው ገብቷል። ለእኔ ግን ቃል አልተነፈሰም።

የቡናው ሥራ አብቅቶ ቤት ሲመጣ በማግስቱ ጠዋት «ብስክሌቱን አምጪው» አለኝ። ጓሮ ያለው ዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ ዘረጋ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን አወጣ። ልቤ በደስታ ዘለለ። አባቴ እጁ የያዘው ብረት እምቢ ብሎት አያውቅም። መፈልፈያው ላይ ሌሎች ያቃታቸውን ማሽን እሱ ሲያስነሳ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የተሰበረውን መቀየሪያ ፈታ። ከዚያ የማርሹን ሽቦዎች መዘዘ፤ ከዚያ ማርሽ የምለዋውጥባቸውን ሁለቱን ትናንሽ እጀታዎች። እነሱ ደህና እንደነበሩ አውቃለሁ። «እነዚህን ለምን?» ስለው «መቀየሪያ ከሌለ ምን ይሠራሉ? ዕቃው እስኪመጣ በአንድ ጥርስ ትነጂዋለሽ። እግርሽን ያጠነክረዋል» አለኝ። አመንኩት። እንዲያውም ብልህ ሐሳብ መሰለኝ፤ ምርጫው እስኪደርስ በከባድ ጥርስ ተለማምጄ ማርሹ ሲመጣልኝ እንደምበር አሰብኩ።

የኋላውን የጥርስ ድርድር ለማውለቅ የተለየ መፍቻ ያስፈልግ ነበር። የት ተገኝቶ! አባቴ ቁራጭ ብረት በሞረድ ሲሞርድ ዋለና መፍቻውን ራሱ ሠራው። ጎማውን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩለት፤ እሱ በሙሉ ክብደቱ ተጫነ፤ ቋ ብሎ ለቀቀ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን፣ ሳቅን። በቦታው ከአንድ አሮጌ የከተማ ብስክሌት የወጣ አንድ ነጠላ ጥርስ ገባ። የኋላው ከፊተኛው ጋር መስመር አልገጥም ሲለው ከውሃ ቧንቧ ቀለበት ቆርጦ ከሥሩ አስገባ፤ መሬት ላይ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከኋላ አየው፤ አወጣው፤ በሞረድ ትንሽ አሳነሰው፤ መለሰው። ጎማው ከመሐል ሲወጣበት ደግሞ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቀ በጥፍሩ እየመታ ድምፃቸውን አዳመጠ። እያንዳንዷን ለእኔም አስደመጠኝ። «ይህቺ ላልታለች፣ ሰማሽ?» ይላል። እሰማ ነበር።

ከዚያ የፊተኛው ጥርስ ላይ ደረስን። «ትልቁ ይሁን አይደል? ሜዳ ላይ ትበሪበታለሽ» አለኝ። ለጊዜው ነው ብዬ ስለማስብ «ትልቁ ይሁን» አልኩ። ትንሹን ፈትቶ ጆንያው ላይ አስቀመጠው። ዳገት የሚያስወጣው ትንሹ ነበር።

ካቴናውን በምስማርና በመዶሻ አሳጠረው፣ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስቦ ወጠረው፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ በአውራ ጣቱ ካቴናውን ጫን ጫን እያደረገ ውጥረቱን ለካ። ግራሶ ቀባው፤ የተሰነጠቀውን መቀመጫ ሳይቀር በቆዳ ሰፋልኝ። እየሠራ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር። ልጅ ሆኖ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ እንዴት እንደፈራ አጫወተኝ። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ቁጭ ብለን፣ እጃችን በአንድ ግራሶ ተነክሮ፣ እየተቀባበልን ሠርተን አናውቅም። በሕይወቴ ከእሱ ጋር ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ነው። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብል ይህን ይቅር ማለት የሚያቅተኝ ለዚህ ነው።

የሠራው ሥራ ደግሞ እንከን አልነበረውም። ብስክሌቱ ከበፊቱ ቀለለ። ድምፅ የለውም፤ የጎማው ሽውታ ብቻ ይሰማል። በዲላ ዋና መንገድ ባጃጁን ሁሉ እየቀደምኩ ስበር ልጆች ከኋላዬ ይጮኹ ነበር። በየሳምንቱ «ዕቃው መቼ ይመጣል?» እለዋለሁ። «ይመጣል» ይለኛል። አባቴ ውሸት አያውቅም ብዬ ነው ያደግኩት። ስለዚህ «ማንን ላክህ? ከማን አዘዝህ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ምርጫው ሊደርስ አንድ እሑድ ሲቀረው አባቴ ለምስክርነት ተነሣ።

እኔ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ሐምራዊ ጋውን ለብሰን፣ መድረኩ ላይ ተሰልፈን፣ ፊታችንን ወደ ሕዝቡ አዙረን ቆመናል፤ ከምስክርነቱ በኋላ የምንዘምረው እኛ ነን። አባቴ ወጥቶ ማይክራፎኑን ጨበጠ። ከእኔ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ላብ ይዟል።

«ወገኖቼ፣ ስለ ልጄ ስትጸልዩልኝ ቆይታችኋል» አለ። «ጌታ መልስ ሰጥቶኛል። ልጅን በቁጣ ብትከለክለው ያምፃል። ብስክሌቱን ብሸጠው ልቧ ይሰበር ነበር። ጌታ ግን ጥበብ ሰጠኝ። ከልጄ ጋር አልተጣላሁም፤ በገዛ እጄ ማርሹን አወጣሁት። አሁን ብስክሌቱ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነው። ዳገት አይወጣም። ከዲላ አይወጣም። ልጄም በደስታ ተቀብላዋለች። ስሙ ይባረክ!»

ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናጋ። እማማ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ታለቅስ ነበር፤ የደስታ ለቅሶ። ሰው ሁሉ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን ያያል፤ ፈገግ ይሉልኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ሳለ ኪቦርዱ ጀመረ። ከጎኔ ያለችው ልጅ በክርኗ ነካችኝ። አፌን ከፈትኩና ዘመርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ሌሎቹ እስኪጨርሱ አብሬ ዘመርኩ። ለዚያ መዝሙር ዛሬም ራሴን እንደናቅኩት ነው።

ቤት እንደገባን ጋውኑን እንኳ ሳላወልቅ «ትንሹን ጥርስ መልስልኝ» አልኩት።

«ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ» አለ፣ ወንበር እየሳበ።

«የአሪቻን መንገድ ማን አስለመደኝ? ማነው 'ሳትወርጂ?' እያለ የሚጠይቀኝ የነበረው?»

«ያኔ ሕፃን ነበርሽ።»

«አሁንስ ምን ሆንኩ?»

«አሁን የሰው ዓይን አለ፣ ልጄ። ከነዚያ ወንዶች ጋር ካምፕ ልስደድሽ? አንድ ነገር ብትሆኚ በየትኛው ፊቴ ነው እዚያ መድረክ ላይ የምቆመው?»

ስለ እኔ ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረዳው ነበር። መድረኩን ባይጠራ ኖሮ። እናቴ መሐላችን ገብታ «ባይፈታው ኖሮ ይሸጠው ነበር፤ ይኸው አልሸጠብሽም፤ አመስግኚ እንጂ» አለችኝ። አጎቴ ጋ ይርጋጨፌ ደወልኩ፤ ማርሹን ከአዲስ አበባ እንዲያስመጣልኝ ለመንኩት። «አባትሽ ካለ አለ ነው፤ በቤታችሁ ጉዳይ አልገባም» ብሎ ዘጋው። ለወንዶች ልጆቹ ሞተር የገዛው ሰውዬ።

የሆነ ሆኖ ሄድኩ። ቅዳሜ ንጋት ላይ በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ ወጣሁ። የዲላ መውጫ ላይ ተሰብስበው የነበሩት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹን ማርሼ ሳይሰበር ቲቸር ያዘጋጀው ልምምድ ላይ አውቃቸዋለሁ። ቲቸር ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዬን አየ።

«ማርሹስ?»

«ተሰብሮ ነው።»

«እና በዚህ ልትወጪ?»

«እሞክራለሁ።»

ከንፈሩን መጠጠ። ትርፍ ብስክሌት አልነበረውም፤ ብስክሌት የሚሰጠው ለሚያልፉት ነው። ስሜን ጽፎ አሰለፈኝ።

መንገዱ ገና ሜዳ እያለ ሁሉንም ጥዬ ሄድኩ። ያ ትልቅ ጥርስ በደልዳላ መንገድ ላይ የሚደርስበት የለም። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ማንም አይታየኝም። ወናጎን ሳልፍ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ያጨበጭብልኛል። ደስታዬን ልደብቀው አልችልም፤ አባቴን ላሳፍረው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቡም እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ከወናጎ ወዲያ ዳገቱ መጣ። መጀመሪያ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ፔዳሉ ላይ ቆሜ በሙሉ ክብደቴ እጫነዋለሁ፤ አንድ ዙር ለመዞር ዕድሜ ይፈጃል። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጣልኩ፣ መንገዱን በአግድም እየቆረጥኩ ጥቂት ወጣሁ። ካቴናው በተበጠሰልኝ ብዬ ጸለይኩ፤ አዎ፣ ጸለይኩ። ቢበጠስ በካቴናው አሳብብ ነበር፤ ጎማው ቢጣመም በጎማው አሳብብ ነበር። ምንም አልሆነም። የአባቴ ሥራ አይበጠስም። ከኋላዬ የሌሎቹ የማርሽ ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ። እግራቸውን በቀላሉ እያሽከረከሩ አንድ በአንድ አለፉኝ። ከመጨረሻዎቹ አንዷ በልምምድ ጊዜ ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀር ልጅ ነበረች። ስታልፈኝ «አይዞሽ» አለችኝ፤ ከልቧ ነበር።

ከዚያ ወረድኩ። እግሬ መሬት ሲነካ የተሰማኝን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ድካም አልነበረም፣ ውርደት ነበር። በሕይወቴ ያን መንገድ ወርጄ አላውቅም። የሙዝ ዘለላ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ቆመው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። የቲቸር መኪና ደርሶ አጠገቤ ቀስ አለ።

«ጫኚውና ግቢ» አለኝ።

«በእግሬ እመጣለሁ።»

«በሚቀጥለው ዓመት ማርሽ ይዘሽ ነይ። ቦታሽን ማንም አይወስደውም» ብሎኝ ሄደ። ብስክሌቴን እየገፋሁ ይርጋጨፌ ስገባ ባነሩ ወርዷል፣ ሰው ተበትኗል። አይዞሽ ያለችኝ ልጅ ተመርጣለች። በሚቀጥለው ዓመት በጀት የለም ተባለና ምርጫ አልተደረገም። ከሚቀጥለው በሚቀጥለው ዓመት ሲደረግ እኔ ዕድሜዬ አልፏል ተባልኩ። እንዲሁ በዋዛ ቀረሁ።

የሚገርመው ማንም ክፉ አልነበረም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አባቴ መታኝ የምለው የለኝም፤ አልሰደበኝም፣ ብስክሌቴን አልቀማኝም። ማንም «አትሄጂም» አላለኝም። አንዳንዴ በሩን ዘግቶ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ እንደ ሌሎቹ አባቶች ቢገርፈኝ እመርጥ ነበር እላለሁ። ጠባሳ ይኖረኝ ነበር፤ አሳየው ነበር። እኔ ግን ለሰው የማሳየው ነገር በቆዳ የተሰፋ መቀመጫና በግራሶ የሚያብረቀርቅ ካቴና ነው። ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ አባት አለሽ!» ይለኛል።

አሁን ዲላ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከቤት መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ቤት፤ በዚያው ብስክሌት። ሽጪው የሚሉኝ አሉ። ለምን እንደማልሸጠው ሲጠይቁኝ ነዳጅ አይፈልግም፣ ብልሽት አያውቅም እላለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ከአባቴ ጋር እንነጋገራለን። ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑ ደከመ፤ መድኃኒቱን የማመጣለት እኔ ነኝ። ስለ ብስክሌቱ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ አንስተን አናውቅም። ዝም ያልኩት ያውቀዋል ብዬ ነበር። ያውቀዋል፣ ይጸጽተዋል፣ ለመናገር አፍሮ ነው ብዬ አምን ነበር። ያ እምነት ብዙ ዓመት አኑሮኛል።

በቅርቡ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዋናው መንገድ ተዘግቶ አገኘነው። የሴቶች የብስክሌት ውድድር ነበር፤ ከደቡብ በኩል እየወረዱ ወደ ዲላ ይገቡ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዞ ጠርዝ ላይ ቆምን። የመጀመሪያዎቹ እንደ ነፋስ አለፉ፤ ባለቀለም ቆብ፣ ቁምጣ፣ ቁጥር ጀርባቸው ላይ። አጠገባችን የቆመ ሰውዬ «ሴቶቹ ጉድ ናቸው እኮ!» አለ።

አባቴ ቀና አለ። «ልጄም እኮ እንደነሱ ነበረች» አለው፣ ክንዴን ጠበቅ አድርጎ። «ከዲላ አሪቻ ድረስ፣ ዳገቱን ሳትወርድ!» ድምፁ ኩራት ነበረበት፤ መፈልፈያው በር ላይ የሚናገርበት ያው ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ሲያስበው የኖረ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ዝቅ ብሎ ጠየቀኝ።

«ግን ለምን ተውሽው?»

ፊቱን አየሁት። ሽሙጥ ይኖርበት እንደሆነ፣ ማፈር ይኖርበት እንደሆነ ፈለግኩ። አልነበረም። እውነቱን ነበር የሚጠይቀኝ።

«አልተውኩትም፣ አባዬ» አልኩት። «አንተ ነህ ያስተውከኝ።»

«እኔ?» አለ። ግንባሩን ቋጠረ፤ ለማስታወስ ከልቡ ይሞክር ነበር። «እኔ እኮ ሠራሁልሽ።»

ከሁሉም ኋላ የቀረች አንዲት ልጅ እያለከለከች በፊታችን መጣች። አባቴ ክንዴን ለቀቀና አጨበጨበላት።